ሲሮጡ የታጠቁት

ክርክሩን ያስነሳችው አንዲት ወዳጃችን ናት። ልጆቿን ቤት ነው የምታስተምረው። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ አምስት፣ የመጨረሻው ሦስት እንኳ አልሞላውም። የገና በዓል ሲቃረብ መደበኛውን ትምህርት ታቆማለች። መልመጃ የለም፣ ቃል ጽሕፈት የለም፣ በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም የለም። ደብተሮቹ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ፣ የሚወርዱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን እንደ ተራ ነገር ጣል አድርጋ ወደ ሌላ ወሬ ልታልፍ ስትል አንድ ሰው ያዛት።

ሰውየው በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«እንዴት ነው ነገሩ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ እንዲሁ ሊቀመጡ?» አሉ።

«እንዲሁ አይቀመጡም ጋሼ።»

«ታዲያ ደብተር ካልያዙ ምን ይሠራሉ?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ዘንድ ደብተር ያልያዘ ልጅ ሥራ ፈት ነው። ክርክራቸው ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ ልጅ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ያረፈ ልጅ ይረሳል፣ የሰው ልጅ ጥሎት ይሄዳል። ሌላ አልጨመሩም። ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ እሱኑ ደጋገሙት። ማስረጃቸው ደግሞ አንዲት የዘመድ ልጅ ነች፤ በአምስት ዓመቷ እስከ ሺህ ትቆጥራለች አሉ። ትቁጠር፣ ጎበዝ ናት። የእሷ መቁጠር ከዚህች ቤት ገና ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ማስረዳት አልቻሉም።

የእናትየው ባለቤት ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «ትምህርት ቤቶቹስ ለገና ይዘጉ የለም እንዴ?» አለ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«በምኑ?»

«እነሱ ትምህርት ቤት ናቸዋ!»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እትዬ እንላቸዋለን። እስከዚያ ድረስ ሲያዳምጡ ነበር። «ልጄ» አሏቸው ጋሼን፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እየገፋን ያስጠናነው ልጅ ዞር ሲል ይጠፋበታል። እኔ ስንቱን አይቼዋለሁ።»

ጋሼ ተረትና ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም አሉ። ይሁን። ግን እትዬ የተናገሩት ከክፍል ነው እንጂ ከተረት መጽሐፍ አይደለም። ፊደል ሳያውቅ የመጣ ልጅ ተረጋግቶ ሲማር ዓመቱ ሳያልቅ ሲያነብ፣ ሸምድዶ የመጣው ደግሞ ፊደሉ ቦታ ሲቀየርበት ሲደናገር በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ለነገሩ ፊንላንድ ውስጥ የግዴታ ትምህርት የሚጀመረው ልጁ ሰባት ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። የዚያ አገር ልጆች ሳያነቡ አልቀሩም።

ከዚያ እናትየው ታሪኩን ነገረችን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እሷም እንደ ጋሼ ነበር የምታስበው። ፕሮግራሙን ሳታጎድል በዓሉንም ልትይዝ ሞከረች። ጠዋት መልመጃ፣ ከሰዓት ቤት ማሰናዳት፣ ማታ እንግዳ። ሕፃኑ ጉንፋን ይዞት ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፣ እሷ ሳትተኛ ተነስታ ማስተማር። በበዓሉ ዋዜማ ትልቁ ልጅ የመቀነስ መልመጃ ፊት ቁጭ ብሎ እንባው ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። «ስምንት ሲቀነስ አምስት ያቃተው ልጅ አይደለም፣ ያውቀዋል። እኔ እየጮህኩበት ነው የጠፋበት» አለች። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት» አሉ ብቻ።

አሁን የሚያደርጉት ሌላ ነው። ማታ ማታ የልደቱን ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አንድ ማታ ከሉቃስ፣ አንድ ማታ ከማቴዎስ፣ ሁለቱም ምዕራፍ ሁለት ነው። ትልቁ ልጅ ራሱ ያነባል፣ ሲደክመው አባቱ ይቀበለዋል። ማንበቡ አይቋረጥም፣ የሚቋረጠው መልመጃው ነው። ይህን ጋሼ እንዲሰሙት ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው፣ የሰሟት ግን አይመስለኝም።

ትንሿ ልጅ ደግሞ እያዳመጠች የሚጋጭባትን ትጠይቃለች። ሉቃስ ጋ ግርግም አለ፣ እረኞች አሉ። ማቴዎስ ጋ ኮከብ አለ፣ ሰብአ ሰገል አሉ፣ የገቡት ግን ወደ ቤት ነው ይላል። «ታዲያ ግርግሙ የት ሄደ?» ብላ አባቷን አፋጠጠችው። አምስት ዓመቷ ነው! ሁለት ጽሑፍ አስተያይቶ መጠየቅ ትልልቅ ተማሪዎችም የሚቸገሩበት ነገር ነው።

በካርቶንና በቁራጭ ጨርቅ ግርግሙን ይሠራሉ። እናትየው የአሲሲው ፍራንሲስ በ1223 እ.ኤ.አ. ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር የልደቱን ትዕይንት በእውነተኛ በሬና አህያ እንዳሳየ ነገረቻቸው። ልጅቷ እኛም እውነተኛ አህያ እናምጣ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አስቸገረቻት። በኋላ በካርቶኑ ተስማማች፣ ግን ጆሮው ረጅም ካልሆነ አህያ አይደለም ብላ ሦስቴ አስቆረጠቻት። ሕፃኑ አንዱን እረኛ አኝኮታል። ሦስት ልጅ ያለበት ቤት እንዲህ ነው፤ ወለሉ ላይ ሙጫ፣ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ብጥስጣሽ፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይዘፍናል። እናትየው ይደክማታል፤ አልደበቀችም። በዚያ ላይ መልመጃ ማረም ሲጨመር ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይታዋለች።

ይህን ሁሉ እያወራች ጋሼ ትዕግሥታቸው አለቀ። ልጁን ጠሩት።

«ና እስቲ አንተ ጎበዝ። ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት ነው?»

ልጁ መቀስ እንደያዘ ቆመ። በግ እየቆረጠ ነበር፣ ከአራቱ እግሮች ሁለቱ ገና አልወጡም። እናቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ዝም አለ።

«አያችሁ!» አሉ ጋሼ።

ምኑን ነው የምናየው? ሰባት ዓመቱ ነው። አብዛኛው እኩያው ማባዛት ገና ሊጀምር ነው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጁ ግን አልሄደም። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ?» አለ።

«ሦስት ናቸዋ!»

«ማቴዎስ ላይ ስንት እንደሆኑ አይልም። ሁለት ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ።»

እትዬ ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ጋሼ «ይህ ትምህርት አይደለም፣ ወሬ ነው» አሉ። ጽሑፍ ከፍቶ የተባለውንና ያልተባለውን መለየት ወሬ ከሆነ ትምህርት የቱ ነው? እኔ እዚያው ላይ ነው የቆረጥኩት።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ደግሞ አለ። አንዳንዱ ዘመዳቸው ገናን ዲሴምበር 25 ያከብራል፣ አንዳንዱ ጃንዋሪ 7። ልጁ ለምን ብሎ ጠየቀ። እናትየው መልሱን ከመንገር ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አውርዳ ሰጠችው። ከ25 እስከ 31 ስድስት ቀን፣ ሰባት ሲጨመር 13። ቀጥሎ 13 ከየት መጣ? የጃንዋሪ 7ቱ ገና ቀኑን የያዘው በአሮጌው አቆጣጠር ነው። ዩልዮስ ቄሣር ያወጣው ይህ አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከስድስት ሰዓት ያደርገዋል፣ ይህ ከእውነተኛው ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል። 11 ደቂቃ ምንም አይመስልም፣ በብዙ መቶ ዓመታት ግን ይከማቻል። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ዘለሉ፤ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። ከዚያ ወዲህ 1700፣ 1800 እና 1900 በአሮጌው አቆጣጠር ተጨማሪ ቀን ነበራቸው፣ በአዲሱ ግን የላቸውም። አሥር ሲደመር ሦስት። ልጁ በጣቱ ደምሮ 13 ሲመጣለት ብድግ ብሎ ሮጠ አለች፣ ለአባቱ ሊነግር። ከ2100 በኋላ ልዩነቱ 14 እንደሚሆን ሲሰማ ደግሞ «ያኔ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?» ብሎ ወረቀት አምጥቶ በአራት አሃዝ መቀነስ ጀመረ። ባለፈው ያለቀሰበትን መቀነስ ማለት ነው። ማንም አላዘዘውም።

ጋሼ ይህን ሰምተው ወደ ሕግ ዞሩ። «ለመሆኑ ሕጉ ይፈቅዳል?» አሉ። ሰው ነገር ሲያልቅበት ሕግ ይጠራል። ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ጀርመን ልጅን ቤት ማስተማር በአጠቃላይ አትፈቅድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2006 እ.ኤ.አ. የአንድ ቤተሰብን አቤቱታ አልተቀበለም። የእንግሊዝ የ1996 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሕግ ልጁ በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ ተገቢውን ትምህርት እንዲያገኝ ወላጁን ያዛል። አሜሪካ ውስጥ በ50ውም ግዛቶች ይቻላል፤ አንዳንዱ ግዛት የትምህርት ቀናትን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። ቢቆጠርስ? ዓመቱ ረጅም ነው፣ ለገና ያረፈ ቤተሰብ በሌላ ወር ያካክሳል። ስለ በዓል ዕረፍት እየተነጋገርን ሕግ ምን አመጣው?

እንግዲህ ፍርዴን ከተጠየቅሁ እናትየው ልክ ናት። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት በበዓል ሰሞን ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ፕሮግራሙን፣ ወይ ሰላሙን። ቤት የሚማር ልጅ ደግሞ አስተማሪውም እናቱም አንድ ሰው ናት፤ አስተማሪዋ ስትናደድበት የሚሸሽባት ሌላ እናት የለችውም። ይህን ጋሼ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላሰቡትም። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ መምህሩ ቢቆጣው ማታ እናቱ ጋ ይመለሳል። ይህኛው የት ይመለስ? ስለዚህ እሷ ደብተሩን ስትዘጋ ስንፍና አይደለም፣ ልጆቿን እናታቸውን እየሰጠቻቸው ነው።

የሚያናድደኝ ግን ጋሼ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። ዘመኑ ራሱ እንዲህ ሆኗል። የአራት ዓመት ልጅ የአገሮችን ዋና ከተማ ሲዘረዝር በስልክ ተቀርጾ ይለጠፋል፣ ሰው ሁሉ «ዋው» ይላል፣ በማግስቱ ሌላው ወላጅ የራሱን ልጅ ይዞ ካሜራ ፊት ያቆማል። መዋዕለ ሕፃናት የቤት ሥራ ይሰጣል፣ ልጁ እንቅልፉ እየመጣ ያንን ሲጨርስ ያመሻል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራ ላይ የዋለ ትልቅ ሰው ማታ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ስልኩን ያያል፣ ልጁ ግን ማረፍ አይፈቀድለትም። ከማን ጋር ነው ሩጫው? ማንም አይነግርህም። ብቻ የሰው ልጅ ቀደመ፣ የሰው ልጅ አለፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል እንሰማለን፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ወዲያው ልጁን ጎትተን መሮጥ ነው።

በዓሉም ራሱ ሩጫ ሆኗል። ገበያ፣ ስጦታ፣ ፎቶ፣ የማን ቤት ደመቀ። ልጁ የበዓሉ ማድመቂያ ይሆናል፣ አዲስ ልብስ ለብሶ እንግዳ ፊት ይቆማል፣ ይዘምራል፣ ይቆጥራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ «ሂድ ተጫወት» ተብሎ ይባረራል። ወለል ላይ አብሮት ቁጭ ብሎ የካርቶን አህያ ጆሮ የሚቆርጥለት ሰው የለም። ጊዜ የለንም እንላለን። ለልጅ ጊዜ አለመስጠታችንን ደግሞ ትምህርት ብለን ጠራነው፤ ልጁን መልመጃ ላይ ደፍተን እኛ ወደ ሥራችን።

ጋሼ ሲሄዱ ልጁን «ማባዛቱን አጥና፣ ስመለስ እጠይቅሃለሁ» አሉት። ልጁ እሺ አለ። ሌላው ሰው ሁሉ ይህን እንደ ቡራኬ ቆጥሮ ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ አላልኩም። ልጅን ሰው ፊት ጠርቶ የማያውቀውን መጠየቅ እንደ ፍቅር የሚቆጠርበት ልማዳችን ይበቃል። ከእንግዲህ እኔ በተቀመጥኩበት፣ ያውም በበዓል ቀን፣ ልጅ ጠርቶ የሚፈትን ሰው ካለ ዘመድም ይሁን ጋሼም ይሁኑ ዝም አልልም።