ሁሉም አንደኛ ወጣ

ሐምሌ ገባ፣ በጀት ዓመቱ ተቀየረ፣ የጎንደር አዳራሾችም ሥራ በዛባቸው። «የዓመቱ የጤና ዘርፍ የትኩረት አቅጣጫዎች» የሚል ባነር ያልተሰቀለበት አዳራሽ ካለ ወይ እድሳት ላይ ነው፣ ወይ ሠርግ ቀድሞታል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ግፊቷን ላስለካ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ።

«ሲስተር የሉም» ተባልን።

«የት ሄዱ?»

«ስብሰባ። የአገልግሎት ተደራሽነትን ስለማሻሻል።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ «እግዜር ይስጣቸው፣ ስለኛ እየተነጋገሩ ነዋ» አለች። የዋህ ናት። እኔ ግን የጤና ኃላፊዎቻችንን ቅድሚያ የመስጠት ጥበብ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ደግነታቸው። ሌላው ሰው ቅድሚያ ስጥ ሲባል አንዱን ያስቀድምና ሌላውን ያስከትላል፤ የተከተለው ያኮርፋል። የኛዎቹ ማንንም አያስቀይሙም። የእናቶች ጤና አንደኛ። ወባ አንደኛ። የመድኃኒት አቅርቦት አንደኛ። ዲጂታል ጤና አንደኛ። የግቢ ውበትም አንደኛ። ሁሉም ሜዳሊያውን አጥልቆ ይወጣል። በጀቱ ብቻ ያው የአምናው ነው።

የድሮዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፣ ምስኪኖች። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ደምቢያ ላይ ሰው በሺዎች ሲፈጅ የታያቸው አንድ ነገር ነው፤ ገጠር ወርዶ የሚሠራ ባለሙያ የለም። በ1947 እዚሁ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው እየሠለጠኑ በቡድን ገጠር ወረዱ። በቃ፣ ይኸው ነው። ባነር ላይ ቢጻፍ ግማሹ ባዶ ይቀር ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን የእጅ መታጠቢያውን ነው። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ይህ «ክፍተት» ተብሎ ተለየ፤ ተጨበጨበ። በሁለተኛው ቅድሚያ ተሰጠው። በሦስተኛው «ልዩ ትኩረት» አገኘና ነጭ ሳህን፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ። ውሃውን የሚያመጣው መስመር የሌላ መሥሪያ ቤት ቅድሚያ ስለሆነ አልመጣም። በአራተኛው ዓመት ከሳህኑ በላይ የእጅ አስተጣጠብ ፖስተር ተለጠፈ፤ በሥዕል፣ ጣት በጣት። በአምስተኛው «መታጠቢያ ያላቸው» በሚለው ሠንጠረዥ መቶ በመቶ ተሞላ። በስድስተኛው የልምድ ልውውጥ ቡድን በሚኒባስ መጣ። ቧንቧውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ «ተሞክሮው ሊሰፋ ይገባል» ብለው ጻፉ። አንዷ እንግዳ የምር መታጠብ ፈለገች። የጽዳት ሠራተኛዋ ከቢጫው ጀሪካን በጣሳ ቀድታ አፈሰሰችላት። ውሃው በሳህኑ ወርዶ የእንግዳዋ ጫማ ላይ አረፈ፤ ለካ ከሥር ቱቦ የለውም! በሰባተኛው ዓመት ቱቦው ቅድሚያ ተሰጠው። ውሃው ገና ነው። አሁን ሳህኑ ውስጥ የጓንት ካርቶን ይቀመጥበታል። ደረቅ ስለሆነ ይመቻል።

ቀልዱን ልተወው። ማዋለጃ ክፍል ውሃ የለውም ማለት እኮ ሚስቱ ምጥ ላይ ያለችበት ሰው በሌሊት ጀሪካን ይዞ ይሮጣል ማለት ነው። የጤና መድን መዋጮዋን ዶሮ ሸጣ የከፈለች እናት ማዘዣ ተጽፎላት «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ስትባል ከማን ትበደር? መድኑ የመጣው ሰው ሲታመም ኪሱን እንዳይዳብስ አልነበረም? ይህን ለማወቅ ስላይድ አያስፈልግም። ማፈር ይበቃል።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር እንደምትበረታ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ያለ ሕፃንም ያውቃል። ዕቅዱ ግን አይቸኩልም። በሐምሌ ይረቀቃል፣ በነሐሴ ይዳብራል፣ መስከረም በዓል ነው፣ በጥቅምት ይጸድቃል፣ ርጭቱ ኅዳር ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ትንኟ ሥራዋን ጨርሳ ሪፖርት አስገብታለች።

ያ ሁሉ አንደኛ መጨረሻው ቀበሌ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ ነበር የታሰበው። ቅድሚያዎቹ እየተጨማመሩ ዳገቱን በእግሯ የምትወጣው ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ስልኳ ይጮኻል።

«እኅቴ፣ ሪፖርቱ እስከ ስድስት ሰዓት ይድረስ። ቅድሚያ የሚሰጠው ነው።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

የግማሽ ዓመቱ ግምገማ ከጥምቀት ሰሞን ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ አልጋ ብርቅ ነው። የተሰብሳቢዎቹ ግን ከአሁኑ ተይዟል አሉ።