የደኑ ነገር ይቆየን

ስለተሻሻለ ምድጃ፣ ማለትም እንጨት ቆጣቢና ጭስ ቀናሽ ተደርጎ ስለሚሠራው ማብሰያ፣ የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን የምድጃውን ጥቅም ከደን ጋር ብቻ አያይዞ ማለቁ አልተመቸኝም። የዛፉን ነገር በኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ እሳት ሥር አጎንብሳ ዓይኗን እየጠራረገች ስለምታበስለው ሴትና ጀርባዋ ላይ ስላዘለችው ሕፃን እናውራ እንጂ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። ቀልድ አይደለም። የሳንባ ምች ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስትሮክና የልብ በሽታም አሉበት።

ሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ አብዛኛው ሙቀት በየጎኑ ይበተናል፣ ለድስቱ የሚደርሰው ትንሹ ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ምድጃ ግን እሳቱን ሰብስቦ ስለሚይዝና አየር ከሥር ስለሚያስገባ እንጨቱ በደንብ ይነዳል፣ ጭሱም ይቀንሳል። እንጨት ቀነሰ ማለት ደግሞ ለቀማው ቀነሰ ማለት ነው፤ ልጅቷም ሸክሙን ትታ ደብተሯን የምትይዝበት ሰዓት ታገኛለች።

ደግሞ «የተሻሻለ» የተባለ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ማላዊ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ጭስ ቀናሽ የእንጨት ምድጃ በተሰጣቸው ቤቶች የሕፃናት የሳንባ ምች አልቀነሰም። ምድጃ ይበላሻል፣ የጎረቤት ጭስ ይገባል፣ አሮጌው ጉልቻም ጎን ለጎን ይነዳል። ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ የሚደርስበት ቦታ እሱ ይሻላል። በማይደርስበት ግን ምድጃ አድሎ ፎቶ ተነስቶ ከመሄድ በፊት የምታበስለዋን ሴት ጠይቋት፤ ትልቁ ድስት የማይቀመጥበት ወይም እንጨቱን እንደ እርሳስ አቅጥና ካልፈለጠችለት የማይነድ ከሆነ በሳምንቱ ጥግ ይዞ የዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።