መፍቻው የማን ነበር?

ወገኖቼ፣ በመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የምንሠራም የምንታከምም ሁላችን፣ ይህን የምጽፈው ይቅር ማለት ስላቃተኝ ነው፤ ይቅር ካላልኳቸውም መካከል አንዷ እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት፣ በምሠራበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ተረኛ ነርስ በነበርኩበት ሌሊት፣ አንዲት የዘጠኝ ወር ሕፃን በሳንባ ምች ታማ ገባች። ጣቷ ላይ ያደረግነው የደም ኦክስጅን መለኪያ 84 በመቶ አነበበ። ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን ግድ መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን የለምና ሰጠናት፤ ወደ 93 ወጣችልን። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲሊንደሩ አለቀ። ሙሉው ሲሊንደር እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ የጠፋው ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የኦክስጅኑን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ ከባዶው ፈትተን በሙሉው ላይ የምናስርበት መፍቻ ነበር። ቀዶ ሕክምና ክፍል ብንልክ «በስማችን ወጪ የተደረገ ነው፣ ኃላፊው ሳይፈቅድ አይወጣም» አሉን፤ ኃላፊው ስልክ አያነሳም። ጥገና ክፍል ተቆልፏል። ንብረት ክፍል ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ወጪ ቅጽ፣ መርፌ እንኳ አያወጣም፣ በሌሊት ደግሞ ሰውም የለው። መለኪያው 76፣ ከዚያም 68 ሲል፣ አባቷ ብሎኑን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ በእጁ ለመፍታት ይታገል ነበር፤ መዳፉ ደምቶ አየሁት። መፍቻ የተገኘው በመጨረሻ ከአምቡላንሱ ሹፌር ሣጥን ነው። ሹፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ርቆ መኪናው ውስጥ ነበር። «ምነው ቀድማችሁ ብትጠሩኝ?» አለ። ሕፃኗ አርፋ ነበር።

በዚያ ሌሊት የሰነፈ አልነበረም። ሁሉም የየክፍሉን ንብረት ጠብቋል፣ ሁሉም መመሪያውን አክብሯል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሹፌሩን ከእኛ እንደ አንዱ ቆጥሮ የጠራው አልነበረም። በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ነጻ ሲያወጣ አረፈደ። የተናገሩበት ጠረጴዛ ጀርባ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የሆስፒታሎች የለውጥ ትግበራ መመሪያ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶልናል፣ ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ሠልጥነን አበሉን ፈርመን ወስደናል። ጎበዝ ሐኪም ስናገኝ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ እንኳ ሳናሳየው ሥራ አስኪያጅ እናደርገዋለን፤ ከዚያ አስተዳደር አልቻለም ብለን እናማዋለን።

እኔስ? መፍቻው እንደጠፋ ከሦስት ቀን በፊት በርክክብ ላይ ተነግሮኝ ነበር። ደብዳቤ ጽፎ ሦስት ቢሮ መዞሩ ታከተኝና «ንብረት የተሟላ» ብዬ ፈረምኩ። የሞቷን ምክንያት ስሞላም «ከባድ የሳንባ ምች» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ መፍቻው የሚጻፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም፣ እኔም ጠርዙ ላይ አልጻፍኩትም።

እባካችሁ፣ የጎደለውን ጎደለ ብላችሁ አስረክቡ። ቁልፍ ይዛችሁ ቤታችሁ አትደሩ። ኃላፊዎችም ሹፌሩንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጠዋት ስብሰባ ላይ አስቀምጧቸው። የምትሰሙኝ አይመስለኝም፤ እኔም ስንቱን ሰምቼ አልፌዋለሁ። ብቻ ሰሞኑን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ አዲስ መፍቻ በፋሻ ከሲሊንደሩ አንገት ጋር አስሮታል። ስብሰባ አልተጠራበትም፣ ሞዴልም አልተቆረጠለትም። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር በቅድሚያ እሱን እዳስሳለሁ። ሁለት ጊዜ አጥቼው፣ ፈልጌ መልሼ አስሬዋለሁ። ትናንት ማታ ነበረ።