ሰዓት ናት ካልኩሌተር?

ሰዓትም ያላት የአባቴ ካልኩሌተር አለችኝ። ባትሪዋን ላስቀይር ብዬ ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ቁልቁል ስንከራተት ውዬ አሁን ገና ቤቴ መግባቴ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት ሠሪ በመነጽሩ አናት አይቶኝ «ይቺ ካልኩሌተር ናት፤ እኛ ሰዓት ነው የምንሠራው» አለኝ። ካልኩሌተር የሚጠግነው ደግሞ ገልበጥ አድርጎ አያትና «ሰዓት አላት፤ ወደ ሰዓት ሠሪ ይውሰዷት» ብሎ ወደመጣሁበት መለሰኝ። መታወቂያ ለማሳደስ ከመስኮት ሦስት ወደ መስኮት አምስት ስመላለስ የከረምኩበት ሳምንት ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቢያንስ መቀመጫ ነበር። ካሲዮ በ1976 እ.ኤ.አ. «ሲኪው 1»ን ሲያወጣ ሰዓትና ሒሳብን አንድ ሣጥን ውስጥ አስማምቷቸው ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው።

ያቃጠለኝ ሦስተኛው ነው። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «አባባ፣ ይህን ለሙዚየም ቢሰጡት አይሻልም? ስልክዎ ላይ ሁሉም አለልዎ» ሲለኝ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ፤ «ጋሼ» ይበቃኝ ነበር! «ሙዚየሙ ባትሪ ይቀይራል ወይ?» የሚለው መልስ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እዚያማ አንገቴን ደፍቼ ተለማመጥኩት።

የብር ኦክሳይድ ባትሪ እንደሚያስፈልጋት፣ እሱ 1.55 ቮልቱን እስኪያልቅ ድረስ ሳያወርድ እንደሚይዝ፣ አልካላይን የሚባለው ባትሪ ግን ከ1.5 ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚደክም አስረዳሁት። «መጠኑ አንድ ነው» ብሎ መደርደሪያ ላይ ስንት ዘመን እንደተኛ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀውን አልካላይን ከተተባት። ይባስ ብሎ «ሰዓቷም በስድስት ሰዓት ተሳስታ ነበር፤ አስተካክዬልዎታለሁ» አለኝ።

ተሳስታ! አባቴ እኮ በእኛ አቆጣጠር ሞልቷት፣ ሲነጋ 12:00 ስትል ቀኑም አብሮ እንዲለወጥ አድርጎ ነው የኖረባት። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ጳጉሜን ስለማታውቅ በየዓመቱ ይቀየማት ነበር። አዲስ አበባ መሐል ተቀምጦ ከረፋዱ አራት ሰዓትን ስሕተት የሚል ሰዓት ሠሪ ማየት አልነበረበትም፣ አላየምም።

ልጅ ሳለሁ ውስጧ ያለችው የኳርትዝ ጠጠር በሴኮንድ 32,768 ጊዜ እንደምትርገበገብ ነግሮኝ፣ ያንኑ ቁጥር እሷው ላይ ለሁለት 15 ጊዜ አስካፍሎኝ 1 ሲመጣ «ይኸው፣ ሴኮንዷ ይህች ናት» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ማታ ንዴቱ በረድ ይልልኝ እንደሆነ ብዬ ማካፈል ጀመርኩ። በስድስተኛው፣ 512 ላይ ስደርስ፣ ቁጥሩ ደበዘዘና ጠፋ።