ሪች ስትራይክ ባለጌ ነው እንዴ?

እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የኬንታኪ ደርቢ፣ ታዋቂው የአሜሪካ የፈረስ ውድድር፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ንክሻው ነው። ሪች ስትራይክ የተባለው ፈረስ ውድድሩ ውስጥ የገባው በዋዜማው ሌላ ፈረስ ስለወጣ ነበር። የቁማሩ ግምት 80 ለ1፣ ማለትም ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ጥቂት ነበር። 19 ፈረሶችን ቀድሞ አሸነፈ፤ በ2 ዶላር የተወራረደበት ሰው 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ወሰደ። ከዚያ የሜዳው አጃቢ ፈረሰኛ ሊይዘው ሲጠጋ፣ ዞሮ የአጃቢውን ፈረስ ይነክስ ጀመር። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። ሰውየውንም አልማረው። ሰውየው ልጓሙን እንደያዘ ፊቱን እየመታ ሊያርቀው ታገለ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ይሄኛው ሁለቱንም አደረገ።

ማኅበራዊ ሚዲያው ወዲያው ፍርዱን ሰጠ። ግማሹ ፈረሱን እብድ አለው፣ ግማሹ አጃቢውን ጨካኝ። ለእኔ ሁለቱም አይዋጥልኝም። ያልተኮላሸ የ3 ዓመት ድንጉላ 2 ኪሎ ሜትር ሽምጥ ጋልቦ ደሙ ፈልቷል። ውድድሩ ማለቁን ማን ነገረው? የመጨረሻውን መስመር የምናውቀው እኛ ነን። አጃቢውስ ምን ያድርግ? ጆኪው (ጋላቢው) ገና ኮርቻው ላይ ነው፤ እንዲህ የጋለ ድንጉላ ለቅቆ ዘወር አይባልም።

ቁማርተኞቹ ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። ከመስመሩ አልፎ ማን ማንን ቀደመ? ትንፋሽ የተረፈው ፈረስ በሚቀጥለው ረጅም ውድድር ያሸንፋል ባዮች ናቸው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ግን አንዱ ጆኪ እርካቡ ላይ ቆሞ ዛቡን ሲስብ፣ ሌላው ፈረሱን ዝም ብሎ ይለቀዋል። ያኔ የሚታየው የፈረሱ ጉልበት ሳይሆን የጆኪው እጅ ነው። በዚህ ብቻ ገንዘብ ማስያዝ ብር መበተን ነው።

ሪች ስትራይክ ራሱ በዚያው ዓመት ቤልሞንት በተባለው ሌላ ውድድር ላይ 2,400 ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። ከደርቢው በኋላ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ንክሻው ይህን አልነገረንም።

ከመስመሩ በኋላ በእውነት መታየት ያለበት እግር ነው። በ2008ቱ ደርቢ ኤይት ቤልስ የምትባል ወጣት ባዝራ 2ኛ ወጣች። መስመሩን አልፋ ፍጥነቷን ስትቀንስ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሰበሩ። እዚያው ሜዳው ላይ በመርፌ እንድትሞት ተደረገ። በውድድሩ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያየው ነበር።

ስለዚህ ፈረሱ ሲበርድ እዩት። አንዱን እግሩን ይቆጥባል? በየእርምጃው ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል? ለሐኪሙም ለባለቤቱም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ቴሌቪዥኖቹ ግን ወዲያው ካሜራቸውን አሸናፊው ጆኪ ፊት ላይ ይተክላሉ። አንዷን ካሜራ ፈረሶቹ በሙሉ እስኪቆሙ ድረስ ቢተዉልን ምን ይጎዳቸዋል?