መምህሩ የቀረ ዕለት

ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን የአንድን አገር ትምህርት መመዘን የሚፈልግ ሰው፣ ጎበዝ መምህር ሲያስተምር ከሚያይ ይልቅ መምህሩ የቀረበትን ክፍል ገብቶ ቢመለከት ብዙ ነገር ይገለጥለታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማለት የደፈርኩት በሁለቱም በኩል ስለሠራሁ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በምትክ መምህርነት እሠራለሁ። መምህር በየትኛውም አገር ይታመማል፣ ሐዘን ይደርስበታል፣ ይዛወራል፤ መምህርት ትወልዳለች። ልዩነቱ ይህ መሆኑ እንደማይቀር አስቀድሞ በመታሰቡና ባለመታሰቡ ላይ ነው።

እዚህ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው እንደየአካባቢው በኦገስት ወር ውስጥ ወይም የሠራተኞች ቀን ከሚከበርበት ከሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ በኋላ ነው። ምትክ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው ከዚያ በፊት ይመዘገባል፤ የጣት አሻራ ይሰጣል፤ የወንጀል ሪከርዱም ይጣራል። የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በአንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ ሲሆን በአንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ ይበቃል። መምህሩ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው መቅረቱን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ያስመዘግባል፤ ጥያቄው በመዝገቡ ላሉት ይደርሳል፤ ቀድሞ የተቀበለውም ሰው ጠዋት ደወል ሳይደወል በክፍሉ በር ላይ ይገኛል። ወጪው በዓመቱ በጀት ውስጥ የተያዘ ስለሆነ የዚያን ዕለት ማንም ስለ ገንዘብ አያወራም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀኝ ማኅደር ነው። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን የሦስተኛ ክፍል ልጆችን እንድይዝ ተጠርቼ የከፈትኩት ማኅደር የልጆቹን ስም ዝርዝርና የአቀማመጣቸውን ንድፍ ይዟል፤ ቀኑም በደቂቃ ተከፋፍሎ ተጽፎበታል። አስም ያለባት ልጅ መድኃኒቷ ነርሷ ዘንድ እንደሚገኝ፣ ለውዝ ፈጽሞ መቅመስ የሌለበት ልጅ ምሳውን የት እንደሚበላ፣ ለተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የእሳት አደጋ ደወል ቢጮህ በየትኛው በር እንደምንወጣ፣ ሲለቀቁ ማን በአውቶቡስ፣ ማን በወላጁ እጅ እንደሚሄድ ሁሉ ተዘርዝሯል። በመጨረሻው ገጽ ላይ የጎረቤት ክፍል መምህርት ስም ሰፍሮ፣ የሚያስቸግር ነገር ከገጠመኝ እሷን እንድጠራ ተጽፏል። መምህርቷ ይህን ስታዘጋጅ ራሷም ልጆቹን ካወቀቻቸው ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ እሷ ባልነበረችበት ዕለት ልጆቹ የሒሳብ ትምህርታቸውን ሠርተዋል፤ የታመመችም ልጅ ብትኖር ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወንበሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀሉ ሳሉ አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ «ነገም አንተ ነህ የምትመጣው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ያንን የሚወስነው መዝገቡ ነውና። ለሕፃን ልጅ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ማለት ከመጽሐፉ በፊት ከአንድ አዋቂ ሰው ጋር መላመድ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሦስት ልዩ ልዩ ፊት ከተፈራረቀበት፣ እያንዳንዱ የመጣ ሰው ማኅደሩን ጠንቅቆ ቢያነብ እንኳ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ይህ የአሜሪካው አሠራር ድካም ነው። ምትክ መምህሩ የሚከፈለው በቀን ሒሳብ ነው፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ገቢ የለውም፤ በአብዛኛው የጤና መድንም አይሰጠውም። ስለዚህ የተሻለ ሥራ ያገኘ ዕለት ይሄዳል፤ መዝገቡም ይሳሳል። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት፣ በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ.፣ የኒው ሜክሲኮ ግዛት የናሽናል ጋርድ ወታደሮች ክፍል ገብተው ልጆቹን እንዲይዙ እስከ መጠየቅ ደርሷል፤ አገረ ገዥዋ ሚሼል ሉሃን ግሪሻም ራሳቸውም ተመዝግበው በምትክ መምህርነት ሠርተዋል። በዚያው ወር ኦክላሆማ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይነካ ለምትክ መምህርነት እንዲወጡ ፈቅዷል። እኔ ግን በዚህ ዜና ውስጥ ያየሁት ችግሩን ብቻ አይደለም። ክፍሉ ያለ አዋቂ ሰው እንዳይውል የግዛቱ አስተዳዳሪ በግል የሚጨነቁበት ጉዳይ መሆኑን ነው።

አገር ቤት መምህር ሲቀር የመጀመሪያው ምትክ የክፍሉ አለቃ ነው። ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ጥግ ላይ የሚያወሩ ልጆችን ስም መጻፍ ይጀምራል፤ ስሙ የተጻፈው ልጅ እንዲያጠፋለት ይለምነዋል፤ እንዲህ እየተባለ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም የክፍሎቹን ሥርዓት የሚከታተለው ኃላፊ፣ ድምፅ ሰምቶ ከመጣ ክፍት ክፍለ ጊዜ ያለውን መምህር ፈልጎ ይልካል፤ የታሪክ መምህሩ የኬሚስትሪውን ክፍል ጸጥ አሰኝቶ ቆይቶ ይወጣል። ያም ካልተገኘ ነገሩ ባከነ ክፍለ ጊዜ ተብሎ ይመዘገብና ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ ይሰጥበታል። ማካካሻ የሰጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሳምንቱ ትምህርት በአንድ ጠዋት ይሮጥበታል፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ወይም እርሻ ወርዶ ቤተሰቡን የሚያግዘው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም። ማካካሻ በጣም የሚያስፈልገው ግን ያው ልጅ ነው።

መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ታሞ ይመጣል። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ጋዋኑን በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ የሚያስተምር ባልደረባ ያላየ የአገር ቤት መምህር ያለ አይመስለኝም። ቢቀር ክፍሉን የሚሸፍንለት ጓደኛው ነው፤ ጓደኛው ደግሞ የራሱ ክፍለ ጊዜ ሞልቶበታል። ይህን ጽናት አከብራለሁ። ሆኖም አንድ የትምህርት ሥርዓት በሠራተኞቹ ትከሻ ላይ ብቻ ተደግፎ መቆም የለበትም።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ዘወትር የሚያሳስበኝ የወሊድ ፈቃድ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ደነገገ። በአሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጡት አንዳንድ ግዛቶችና ቀጣሪዎች በራሳቸው ውሳኔ ነው። እናቲቱን በማክበር ረገድ የእኛ ሕግ የሚበልጥ መሆኑን ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ። ነገር ግን መምህርቷ ፈቃድ ስትወጣ እዚህ የረጅም ጊዜ ምትክ ይቀጠርና ክፍሉን ለወራት ይይዛል፤ እኛ ዘንድ ፈቃዱ ሲጻፍ የተማሪዎቹ ነገር አብሮ አይጻፍም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የወለደች የባዮሎጂ መምህርት ሕጉ በሰጣት ቀን ብትመለስ ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ደግሞ ጥር ላይ ይጠብቃል። በትምህርት ቤቱ ሌላ የባዮሎጂ መምህር ከሌለ ልጆቹ የሚፈተኑት ባልተማሩት ላይ ነው። ከዚህም የባሰው፣ መምህርቷ ሕጋዊ መብቷን በተጠቀመች የባልደረቦቿን ፊት እየፈራች መኖሯ ነው። ፈቃዱን የሰጠ መንግሥት ምትኩንም አብሮ ካልሰጠ፣ የመብቱን ዋጋ የሚከፍሉት ሌሎች መምህራንና ልጆች ይሆናሉ።

መስከረም ሌላም ችግር ይዞ ይመጣል። ዝውውር የሚፈጸመው በክረምት ነው፤ የተዛወረው መምህር ክሊራንስ ጨርሶ፣ ደብዳቤውን ከወረዳ ወረዳ አመላልሶ፣ ቤት ተከራይቶ ክፍል እስኪገባ ድረስ የለቀቀው ትምህርት ቤትም የተመደበበትም ትምህርት ቤት ሰው ያጣሉ። ልጆቹ አዲስ ደብተራቸውን ሸፍነው መጥተው ያለ ሥራ ይመለሳሉ። ወላጅ ይህን ሲያይ ልጁን ለጥቂት ቀን እቤት ማስቀረት ይጀምራል፤ እንዲህ እየሆነ ትምህርት በጥቅምት እንጂ በመስከረም አይጀመርም የሚል ልማድ ሥር ሰድዷል።

ክፍተትን አስቀድሞ አይቶ ሰው ማዘጋጀት ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፉ ይደረግ ነበር፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የመምህር እጥረትንም ያቃልላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ስክሪኑ ግን ያልገባውን ልጅ ፊት አይቶ መለስ ማለት አይችልም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ለሰው ምትኩ ሰው ነው።

ዛሬ በየከተማው ከመምህራን ኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ምደባ የሚጠባበቁ ወጣቶች አሉ፤ በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸውም ዕውቀታቸውም ያልደከመ መምህራን አሉ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች እነዚህን መዝግበው፣ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድነት በሚደራጁበት በየጉድኝት ማዕከሉ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ምትክ መምህራን ቢመድቡ ይቻላል የሚል እምነት አለኝ፤ አንዱ ለሳይንስና ለሒሳብ፣ አንዱ ለቋንቋ፣ ቢቻል አንዱ ለታችኛዎቹ ክፍሎች። የአሜሪካው ምትክ የሚጎድለውም ነገር በዚህ ይሟላል፤ ሰውየው የሚመላለሰው በተወሰኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስለሆነ ልጆቹ ያውቁታል፣ ወላጆቻቸውን ያውቃል፣ ነገ ይመጣ እንደሆነም ለጠየቀው ልጅ መልስ ይኖረዋል። ደመወዙ በወር እንጂ በቀን መቆረጥ የለበትም፤ ማንም ያልቀረ ዕለት ደካማ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስጠናል።

ማኅደሩ ግን በጀት መጠበቅ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ መምህር የክፍሎቹን ስም ዝርዝር፣ የደረሰበትን ምዕራፍ፣ ለሁለት ቀን የሚበቃ መልመጃ፣ ዓይኑ ወይም ጆሮው የሚደክም ልጅ የት እንደሚቀመጥ በአንድ ክላሰር አድርጎ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ቢያስቀምጥ፣ የታሪክ መምህሩ ኬሚስትሪ ክፍል ሲገባ ጸጥታ ከማስከበር ያለፈ የሚሠራው ነገር ያገኛል። ይህን የሚያዝ ደብዳቤ ከርዕሰ መምህሩ መውጣት ያለበት ነሐሴ ላይ ምዝገባው እየተካሄደ ሳለ ነው፤ የመጀመሪያው መቅረት ብዙ ጊዜ የሚገጥመው በመጀመሪያው ሳምንት ነውና።