ፓርኪንግ ያለው ማስተርስ

የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ያውቃታል፤ ከደመወዙ ከፍ ብላ የምትቀመጥ አንዲት መስመር አለች። «በማኔጅመንት፣ በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው/ያላት።» ደመወዙማ «በስምምነት» ነው፤ እሱን ተዉት። መስመሯን ግን ልብ በሉ። ዲግሪው ከየት እንደተገኘ አትጠይቅም። ማን እንዳስተማራችሁ አትጠይቅም። ምን እንደገባችሁማ ጭራሽ አታነሳም። ያለው ወይም ያላት፣ በቃ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማኔጅመንት የሚማርበትን ቤት የሚመርጥ ሰው ይህቺን መስመር በልቡ ይዞ ነው የሚዞረው። ከውጭ ለሚያየው ምርጫው ቅጥ አምባሩ የጠፋ ይመስላል። አይደለም። የራሱ የሆነ ድርቅ ያለ ሎጂክ አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ቢሮ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት አብራችሁ የሠራችሁት፣ ወር ሲያልቅ ማኪያቶ የምትጋብዙት ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ማስተርሱን ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ ዲቪዥን ማናጀር ይሆናል። ከዚያ የዓመት ፈቃድ የምትጠይቁት እሱን ነው። ይህን ወሬ እናታችሁ የሰማች ቀን እንቅልፍ የለም። «ያ ቀጫጫው ልጅ እንኳ ያዘ አይደል?» ትላለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለውን ተረት የነገረችን ራሷ ናት፤ ማስተርስ ላይ ሲደርስ ግን ተረቱ አይሠራም።

ልማር ነው የምትለዋ ቃል ካፋችሁ ከወጣች ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አማካሪ ይሆናል። እዚህ ላይ የታዘብኩት ነገር አለ። የተማረበትን ቤት የሚያማ ሰው የለም። ብሩን ከፍሎበታል፣ በጋዋን የተነሳው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ እንዴት አድርጎ ይማው? ኮሜርስ የተማረው «በ1935 የተቋቋመ ቤት እኮ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይወለድ እኛ ነበርን» ይላችኋል፣ ያኔ ሰንጋ ተራ ቆሞ የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጠ ይመስል። (ይቺ እንኳ እውነት ናት። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው በ1943 ነው፤ ኮሜርስን የጠቀለለውም ኋላ ነው።) ስድስት ኪሎ፣ ኤፍ ቢ ኢ (የዩኒቨርሲቲው የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ) የተማረው ደግሞ ኮሜርስን «የሒሳብ ሹም ማሠልጠኛ» ብሎ ያጣጥላል። የግል ኮሌጅ የወጣው ሁለቱንም ይሰማና «መንግሥት ቤት ግባ፤ አድቫይዘርህን ስትፈልግ ታረጃለህ» ይላል።

አባት ታሪክ ይጠቅሳሉ። «መለስ ዜናዊ አገር እየመራ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ማስተርሱን፣ ኤም ቢ ኤውን፣ ይዟል። አንተ ካውንተር ላይ ቁጭ ብለህ ውለህ መማር አቃተህ?» ነገሩ እውነት ነው፤ በፈረንጆቹ 1995 ነው የያዙት። ግን አባባ፣ ሰውየው የተማሩት በርቀት ነው፤ በዚያ ላይ መንገድ ይዘጋላቸው ነበር።

መንገድ ካነሳን አይቀር እውነተኛው የመምረጫ መስፈርት እሱ ነው። የማታ ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ከቢሮ የሚወጣው በ11 ሰዓት ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ኪሎ ክፍል ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ካለ ማስተርስ አያስፈልገውም፤ ማኔጅመንቱን ጨርሶታል። ስለዚህ ሰው የትምህርት ቤቶቹን ደረጃ ትቶ የታክሲ መስመር ያጠናል። አያት ኮንዶሚኒየም የደረሰው ድንገት ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን ማድነቅ ይጀምራል። ገርጂ የተከራየው የዩኒቲን ስም ይጠራል። ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራው ኮሜርስና ቅድስት ማርያም መሀል ሆኖ ይወዛወዛል፤ ሁለቱም በእግር ይደረሳሉና እንደሱ የተቸገረ ሰው የለም። በአጭሩ የቢዝነስ ትምህርት ቤታችሁን የሚመርጥላችሁ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው።

መኪና ያለው ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። አንድ ወዳጄ አራት ቤት አወዳደረ። ሠንጠረዥ ሠርቷል፣ በኤክሴል፣ ቀለም ሁሉ አለው። ዓይኔን ስጥል የመጀመሪያው ዓምድ «ፓርኪንግ» ይላል። ሁለተኛው «ሊፍት»። ሦስተኛው «አቴንዳንስ ይጠብቃሉ ወይ»። ዓምዶቹን አንድ በአንድ ባያቸው መምህር የሚል አጣሁ። «መምህሮቹስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «መምህሩ ያው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቀን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሰው ማታ አንዱ ኮሌጅ፣ ቅዳሜ ሌላው ኮሌጅ አለ። ደመወዙ አላደርስ ቢለው ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ስላይዱም አብሮት ይዞራል። አንዳንዴ ከችኮላ ብዛት የቀን ትምህርት ቤቱ ዓርማ ከጥግ ሳይጠፋ ይቀርና፣ ሦስት እጥፍ ከፍሎ የተቀመጠው የግል ተማሪ የመንግሥቱን ትምህርት በነፃ የቀመሰ ይመስለዋል። እንግዲህ መምህሩ አንድ፣ ስላይዱ አንድ፣ ማስሎውና የሰው ፍላጎት ፒራሚዱ አንድ ከሆኑ ልዩነቱ ምን ላይ ቀረ? ወዳጄ ልክ ነው። ፓርኪንግ ላይ።

ሬጅስትራር የሚደውለው ሰው የሚጠይቀውም ይኸው ነው። ቴሲስ ነው ፕሮጀክት? ክፍያው በኮርስ ነው በሴሚስተር? ቅዳሜና እሁድ ብቻ መማር ይቻላል? ልቅሶ ቢገጥመኝስ? (ይገጥማል። የማታ ተማሪ ዘመድ በፈተና ሰሞን ነው የሚሞተው።)

መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ግን አንድ ነበር። መሬት የሚገዛ ሐበሻ ካርታውን ለሦስት ሰው ያስመረምራል፣ ወረዳ ሄዶ ያስጣራል፣ ጎረቤቱን ቡና ጠጥቶ ያወጣጣል። ማስተርስ ሲገዛ ግን በሩ ላይ የተሰቀለውን ባነር አይቶ ይከፍላል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ዕውቅና በጅምላ ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው። አንዱ ካምፓስ ላይ በአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ቤት ሌላው ካምፓስ ላይ ኤም ቢ ኤ ለማስተማር እሱን ማሳየት አይችልም። በቅርብ ዓመታትማ ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ተመዝገቡ ብሎ ስንቱን አሯሩጧል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተማሪው የት ነበር? ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ እያየ።

ከዚያ ጋት የሚባለው ፈተና አለ። ድሮ አንዳንድ ቤት የመግቢያ ፈተና ማለት የባንክ ደረሰኝ ነበር። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ድህረ ምረቃ የሚገባ ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ ማለፍ አለበት ተባለ። ጉድ ፈላ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወዲህ ከብድር ውል በስተቀር ምንም አንብቦ የማያውቅ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የልጁን የሒሳብ ደብተር ተውሶ የፐርሰንት ጥያቄ ይሠራ ጀመር። ሚስት ልጁን «አባትህን አትረብሸው፣ ነገ ፈተና አለበት» ትላለች። ልጁ ግራ ይገባዋል። ያለፈው ሰው ደግሞ እንደ ጉድ ይኮራል፤ የወደቀው ፈተናው ከሥራ ልምድ ጋር እንደማይገናኝ በሰፊው ያብራራል፣ አንዳንዴም በስላይድ።

ውጭ ያሉት ዘመዶችም ዝም አይሉም። ሲያትል ያለ የአክስት ልጅ ስልክ ይደውልና «እዚያ ምን ትሠራለህ? ሀርቫርድ አመልክት» ይላል፤ ሀርቫርድ ማለት ቦሌ ድልድይ ጋ ያለ ኮሌጅ ይመስል። የሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩል በፈረንጆቹ 1908 ኤም ቢ ኤን የጀመረ ቤት ነው፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ የአንድ ዓመቱ ክፍያ ብቻ፣ ቤት ኪራይና ምግቡ ሳይነሳ፣ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ዝቅ አድርገን ዶላሩን በ100 ብር ብንመታው እንኳ ከ7 ሚሊዮን ብር ይበልጣል፤ ዶላሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በ100 የሚገኝበት ዘመን አልፏል። ይህን ያህል ብር እጁ ላይ ያለ ሰው ማኔጅመንት መማር አይደለም፣ ማኔጅመንት የተማረ ሰው መቅጠር ነው ያለበት።

ፓሪስ ያለችው ዘመድ ሌላ ነገር ታመጣለች። አውሮፓ ኤም ቢ ኤና ማስተርስ ኢን ማኔጅመንት ለየቅል ናቸው ትላለች። ልክ ናት። በፈረንጆቹ 1881 የተመሠረተውን የፓሪሱን ቢዝነስ ስኩል አሽ ኢ ሴን (HEC) የመሰሉ ቤቶች የማኔጅመንት ማስተርሱን ከዲግሪ ለወጣ፣ ሥራ ላልቀመሰ ልጅ ነው የሚሰጡት፤ ኤም ቢ ኤው ደግሞ ዓመታት ለሠራ ሰው ነው። ጂማት ወይም እሱን የመሰለ የመግቢያ ፈተና ያስፈትናሉ፣ ኢንተርቪው አለ፣ ለምን እኛን መረጥክ የሚል ድርሰት ያስጽፋሉ። እኛ ጋ ይሄ ድርሰት ቢመጣ ምን ተብሎ ይጻፋል? «ቤቴ ቅርብ ነው።» ለነገሩ እዚህ ሁለቱም የሚሰጡት ማታ ነው፣ በሁለቱም ተማሪው የሚመጣው ደክሞት ነው።

ቤቱ ተመረጠ፣ ተከፈለ፣ ትምህርቱ ተጀመረ እንበል። የቡድን ሥራ ይመጣል። አምስት ሰው ሆናችሁ ትመደባላችሁ። አንዷ ትሠራለች፤ ሁልጊዜ አንዷ ናት፣ ብዙ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነች። አንዱ ፕሪንት ያደርጋል። አንዱ የሽፋን ገጹ ላይ ስሙ በትክክል መጻፉን ያረጋግጣል። አንዱ መስክ ላይ ነው። አምስተኛው የቴሌግራም ግሩፑን ከፍቷል፤ ይኸው ሊደርሺፕ ነው።

በዚህ መቀለድ ቀላል ነው፤ ግን ክፍያው የሚመለሰው እዚያች ግሩፕ ውስጥ ይመስለኛል። አንዱ ጉምሩክ ይሠራል፣ አንዷ ኢንሹራንስ፣ አንዱ ኤን ጂ ኦ። ከተመረቁ ከዓመታት በኋላ ክፍት የሥራ ቦታ፣ ርካሽ መኪና፣ የልጅ ሞግዚት ሳይቀር እዚያ ይገኛል። ስለዚህ አንዳንድ ብልጥ ሰው ትምህርት ቤት ሲመርጥ ሕንፃውንም ፕሮግራሙንም ትቶ የሚያየው ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ታርጋ ነው። የኤን ጂ ኦ ታርጋ የበዛበት ቤት ሄዶ ይመዘገባል።

በመጨረሻ ቴሲስ። ርዕሱ አንድ ነው፤ ሰማይ ቢወርድ አይቀየርም። «የአገልግሎት አሰጣጥ ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በእከሌ ባንክ የአዲስ አበባ ቅርንጫፎች።» የናሙናው ብዛት 384 ነው። ለምን 384? ክሬጂና ሞርጋን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1970 ያወጡት ሠንጠረዥ አለ፤ የሚጠናው ሕዝብ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 384 ሰው ይበቃል ይላል። በዚህች ከተማ ስንት ሰው በዚያ ቁጥር ተመረቀ! መጠይቁ ለደንበኞች መሰጠት ነበረበት፤ ደንበኛ ግን ይቸኩላል፣ ይቆጣል፣ እስክሪብቶ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የገዛ ሥራ ባልደረቦች ተከፋፍለው ይሞሉታል። ገንዘብ ከፋይዋ ዘጠኝ ሰው ሰልፍ ይዞ እያያት አንገቷን ደፍታ «ሠራተኞቹ ለደንበኛ ፈጣን ምላሽ ይሰጣሉ» የሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብላ ምልክት ታደርጋለች። ውጤቱ ኤስ ፒ ኤስ ኤስ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይተነተናል። ትንታኔው ካስቸገረ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያሉት የመብራት እንጨቶች ላይ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ ፕሮፖዛል፣ ዳታ፣ ዲፌንስ ድረስ እናማክራለን ይላል። ከአድቫይዘር በተሻለ ስልክ ያነሳሉ።

ወዳጄ አሁንም አልወሰነም። ከአራቱ ሁለቱ ቀርተውታል። አንደኛው ፓርኪንጉ ምድር ቤት ነው፤ ሁለተኛው አስፋልት ላይ ነው ግን ቴሲስ አያስጽፍም። ባለፈው «ከመክፈልህ በፊት አንድ ማታ ሂድና ክፍል ገብተህ ስማ፤ ከወደድከው ተመዝገብ» አልኩት። ሰማኝ፣ ሄደ። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመው።

«ለምን ጉዳይ ነው ጌታዬ?»

«ትምህርቱን ለመስማት ነው።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። ከዚያ በትሕትና መለሰለት፤ «ክፍያ ከሆነ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትራንስክሪፕት ከሆነ ሦስተኛ። ይሄኛውን ግን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።»